እማዬ፣ እንቁላል ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ምን ማለት ነው? (ልጆቻችሁ ደውለው ምን ጠይቀዋችኋል?)

የሦስቱ እናት፦

ትናንት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ትንሹ ልጄ ነው፤ 23 ዓመቱ። በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጠራ እናት በአንድ ትንፋሽ ስንት ነገር እንደምታስብ የደረሰበት ያውቀዋል። መነጽሬን ሳልፈልግ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ አነሣሁት።

«እማዬ፣ ተኝተሽ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተኛሁም።» (ተኝቼ ነበር።)

«እንቁላል ልቀቅል ውኃ ውስጥ ብጨምረው ተንሳፈፈ። ምን ማለት ነው?»

ትልቁ 34፣ መካከለኛዋ 29 ናቸው። ሦስቱም ራሳቸውን ችለዋል። ችለዋል ስል የቤት ኪራያቸውን ይከፍላሉ ማለቴ ነው፤ ለጥያቄያቸው ግን አሁንም ተጠሪዋ እኔ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ደብተር አስቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። ጥቂቱን ልቅዳላችሁ፦

«ሸሚዝ ሲታጠብ ቁልፉ ተቆልፎ ነው ተከፍቶ?» «ባልደረባዬ አባቷ ሞቱባት፤ ነገ ቢሮ ሳገኛት መጀመሪያ ምን ልበላት?» «ቀኝ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ከምንድን ነው?» «እኔ ዓሣ አልወድም አይደል?» ይህችን የመጨረሻዋን ሴቷ ልጄ ምግብ ቤት ተቀምጣ ነው የጠየቀችኝ፤ አስተናጋጁ አጠገቧ ቆሞ እየጠበቃት።

አሁን ደግሞ ልናዘዝ። ግማሹን አላውቀውም። «ቆይ፣ እጄ እርጥብ ነው፣ መልሼ ልደውል» እላለሁ። ከዚያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አነባለሁ። ከዚያ ደውዬ፣ ከእናቴ የወረስኩት ዕውቀት አስመስዬ እመልሳለሁ። እስካሁን የነቃብኝ የለም።

እናንተስ ምን ተጠየቃችሁ?


ባትሪ አልቋል፦

እትዬ፣ እኔ ከደዋዮቹ ወገን ስለሆንኩ እዚህ መጻፌ ራስን አሳልፎ እንደመስጠት ነው።

ባለፈው ወር ማታ ቤቴ መብራት ጠፋ። በመስኮት ባይ የጎረቤት ሁሉ በርቷል፣ የእኔ ብቻ ጨለማ ነው። ለአባቴ ደወልኩ። በእንቅልፍ ድምፅ «ብሬከሩን እየው፣ የወረደ አለ?» አለኝ። አለ። «ሶኬት ላይ የሰካኸውን ሁሉ ንቀል። ብሬከሩን መልሰው። ከዚያ አንድ በአንድ እየሰካህ ሞክር፤ ሲሰካ ያወረደው እሱ ነው ሌባው።» ካውያው ሆኖ ተገኘ። ገመዱ እጀታው ሥር ተልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እንግዲህ የሚያሳፍረውን ልንገራችሁ። እኔ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ። አባቴ ጡረታ የወጣው ከታሪክ አስተማሪነት ነው።


ዝምተኛ አንባቢ፦

እንቁላሉን ማንም አልመለሰላቸውም። የእንቁላል ቅርፊት በዓይን የማይታዩ በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። ሲቆይ ውስጡ ያለው እርጥበት በእነዚያ ይወጣል፣ በምትኩ አየር ይገባል። አየሩ የሚጠራቀመው በሰፊው ጫፍ በኩል ነው። ስለዚህ አዲስ እንቁላል ውኃ ውስጥ ጋደም ይላል፣ ሰንበትበት ያለው ይቆማል፣ በጣም የቆየው ይንሳፈፋል። መንሳፈፉ የሚነግረን ግን ዕድሜውን ነው፤ ተበላሽቷል አልተበላሸም የሚለውን አይነግረንም። ብቻውን ሳህን ላይ ሰብሮ ማሽተት ነው። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ማንንም አያጠራጥርም።

ሸሚዙ ደግሞ ተከፍቶ ነው፤ ተቆልፎ ከታጠበ ክሩ ቁልፉ ላይ ይጎተታል። ዚፕ ግን ይዘጋ፣ አለበለዚያ ጥርሱ ሌላውን ልብስ ይይዛል።


የሦስቱ እናት፦

እኔም ልክ እንዲህ ነው ያልኩት። ከሩብ ሰዓት በኋላ።


ጡረተኛው፦

አትቆጡኝና ልጆቻችሁን እያበላሻችሁ ነው። ልጄ 31 ዓመቷ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ ደውላ «አባዬ፣ ብሎን ሲፈታ ወደየት ነው የሚዞረው?» አለችኝ። ሁለት ዲግሪ ያላት ልጅ! «ራስሽ ሞክሪው፤ ወደ አንዱ ካልሆነ ወደ ሌላው ነው» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዛ ደውላ አታውቅም። ተማረች ማለት ነው። ይኸው ነው ማሳደግ።


ሁለተኛዋ ልጅ፦

ጋሼ፣ በትልቅ ይቅርታ ልጠይቅዎና፣ የተማረችው ብሎን መፍታት ነው ወይስ ለእርስዎ አለመደወል?

የሦስቱ እናት፣ እርስዎ ደግሞ «የነቃብኝ የለም» ያሉትን ሳነብ በሳቅ ሞትኩ። የእኔም እናት «መልሼ ልደውል» ትላለች። የእሷ ምክንያት እጅ መርጠብ ሳይሆን «በር ተንኳኳ» ነው። በሯ በሳምንት ሦስቴ ይንኳኳል። ልክ በአራት ደቂቃ ትደውላለች። እኔ ደግሞ በዚያ አራት ደቂቃ ሥራ አልፈታም፣ ያንኑ ጥያቄ ራሴ እፈልገዋለሁ። ስትደውል ያነበበችው ገጽ እኔም ፊት ተከፍቷል። እሷ «እንግዲህ እኔ እንደማውቀው…» ብላ ስትጀምር በዓይኔ መስመር በመስመር እከተላታለሁ። አንድ ቀን አንድ አንቀጽ ዘለለች። ላርማት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ታዲያ መልሱን ካገኘሽው ለምን ትሰሚያታለሽ ብትሉኝ፣ ገጹ ላይ የሌለ ነገር ስለምትጨምር ነው። ባለፈው የሱፍ ሹራቤ እንዴት እንደሚታጠብ ጠየቅኋት። ሙቅ ውኃና ማሸት ሱፍን ያጨማትተዋል፣ በቀዝቃዛ ውኃ ቀስ ብለሽ ጨምቂውና ዘርግተሽ አድርቂው፤ ይህ ገጹ ላይ አለ። እሷ ግን ቀጥላ «አባትሽ ለሠርጋችን ሰሞን የገዛልኝን ሹራብ እንዲህ አጥቤ አሻንጉሊት የሚያለብሱት አሳከልኩት፤ ሦስት ወር ደብቄዋለሁ» አለች። ይህን 26 ዓመት አብሬያት ስኖር አልሰማሁም።


የሌሊት ፈረቃ፦

ነርስ ነኝ፤ ስሜን ካነበባችሁ መቼ እንደምሠራም ታውቃላችሁ። በጨዋታችሁ መሀል ገብቼ ላስቸግራችሁ። እኛ ዘንድ ከሚመጡት ውስጥ «መጀመሪያ እማዬ ጋ ደውዬ ነበር» የሚሉ ብዙ ናቸው። የእናት ምክር አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለበትን ብቻ ልንገራችሁ።

ቃጠሎ፦ ቅቤ አይደለም፣ የጥርስ ሳሙናም አይደለም፣ በረዶም አይደለም። ቀዝቀዝ ያለ የቧንቧ ውኃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰው ሁለት ደቂቃ ላይ ይሰለቻል። ከማበጡ በፊት ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ።

ጽዳት፦ «በረኪናው ብቻውን አላስለቀቀልኝም፣ ኮምጣጤ ልጨምርበት?» ብሎ የሚደውል ልጅ ካለ፣ ውኃ ለመጠጣት እንኳ ሳትሄዱ «አትጨምር!» በሉት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያም ጋር እንዲሁ አደገኛ ጋዝ ይሠራል። ከተቀላቀለ መስኮት ከፍቶ መውጣት ነው።

ዘይት ድስት ውስጥ ከነደደ ውኃ በፍጹም አይነካውም። ምድጃውን አጥፍቶ ክዳን መድፋት፣ ድስቱንም ከቦታው አለማንቀሳቀስ። ይህን ደውሎ ለመጠየቅ ጊዜ ስለማይኖር ዛሬውኑ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሕፃን፦ ከሦስት ወር በታች የሆነ ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ለአያት አይደወልም፣ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ደግሞ ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር የትልቅ ሰው አንጀት ይችለዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ስላልጠነከረ እዚያ አድጎ መርዝ ያመነጫል። ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አያቶች አሉ፤ ቅር ይበላቸው።


የሦስቱ እናት፦

የጥርስ ሳሙናውን እኔው መክሬያለሁ። ደብተሩ ላይ አለ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። አሁን ሰርዤ «20 ደቂቃ ውኃ» ብዬ ጻፍኩበት። ልጁ ጣቱ ድኗል፤ በእኔ ምክር ሳይሆን ምክሬን አልፎ ነው የዳነው።


ጡረተኛው፦

ይኸው! ለዚህ ነው ባለሙያ ይጠየቅ የምለው። ስልክ እንደሆነ ከተፈጠረ ጀምሮ ሰው ማስቸገሪያ ነው። ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 መጀመሪያ የተናገረበት ቃል እንኳ ረዳቱን «ሚስተር ዋትሰን፣ ወደዚህ ና» የሚል ነበር።


ባትሪ አልቋል፦

ጋሼ፣ ዋትሰን ግን ሄዷል እኮ። «ራስህ ሞክረው» ብሎ አልዘጋበትም።


ዝምተኛ አንባቢ፦

ስለዚህ ጉዳይ የማውቀው አንድ ጥናት አለ። በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 61 ልጃገረዶችን፣ ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆናቸውን፣ በማያውቋቸው ሰዎች ፊት ንግግር እንዲያደርጉና ሒሳብ እንዲያሰሉ አደረጓቸው። ማንንም የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ከዚያ አንዳንዶቹ እናታቸው መጥታ አቀፈቻቸው፣ አንዳንዶቹ በስልክ አነጋገረቻቸው፣ የቀሩት እናታቸውን አላገኙም። በስልክ ድምፅዋን የሰሙት ልጆች ውስጥ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን የጨመረው ከታቀፉት ባልተናነሰ ነበር። ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞንም ወረደላቸው። ይህ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ በጽሑፍ መልእክት የተጽናኑትን ሲያዩ ያ አልተገኘም፤ እናቱን ጭራሽ ካላገኘ ልጅ አልተለዩም።

ስለዚህ ልጁ እንቁላሉን በጽሑፍ ሳይጠይቅ ከምሽቱ አምስት ሰዓት መደወሉ ምናልባት ምክንያት አለው።


ባትሪ አልቋል፦

ጥሩ ነው፣ ግን እነሱ የሰባት ዓመት ሕፃናት ናቸው። እኔ 33 ዓመቴ ነው፣ ጢም አለኝ። አባቴ ደግሞ ስልክ ላይ ከ«ንቀል» እና «ሰካ» ሌላ ቃል አልወጣውም። ሆርሞኔን አላውቅም፤ መብራቱ ግን በርቷል።


የእህቴ ቁጥር፦

እኛ ቤት ጥያቄው በሰንሰለት ነው የሚሄደው። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔ ለታላቅ እህቴ እደውላለሁ። እሷ ካላወቀች ለአክስታችን ትደውላለች። አክስታችን ካላወቀች ለልጇ ትደውላለች። ያ ልጅ የእኔ እኩያ ነው፤ ካላወቀ ለእኔ ይደውላል። ባለፈው የብርጭቆ ማሰሮ ክዳን አልከፈት ብሎኝ የላክሁት ጥያቄ ከአንድ ሰዓት በኋላ ዞሮ እኔው ጋ መጣ። «አንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ታውቃለህ ተብዬ ነው» አለኝ።

(ክዳኑን ሙቅ ውኃ ሥር ያዙት። ብረቱ ከብርጭቆው ይልቅ ስለሚለጠጥ ይላላል። ራሴ ነኝ በመጨረሻ ያገኘሁት።)


የሌሊት ፈረቃ፦

የእህቴ ቁጥር፣ የአንተን ሳነብ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ጥያቄ ሁሉ አንድ አይደለም። የሱፍና የብሎን ጥያቄ ከማንም ይገኛል። ከወላጅ ብቻ የሚገኝ ግን አለ። ሐኪም «መድኃኒት ያስቆጣሃል?» ሲል ስንቱ ትልቅ ሰው አፉን ከፍቶ ያየኛል። «ልጅ እያለሁ የሆነ መርፌ ሰውነቴን ሁሉ አሳብጦት ነበር፣ እማዬ ታውቃለች» ይለኛል። የትኛው መርፌ? እማዬ ታውቃለች። እማዬ ደግሞ ስልኳ ጥሪ አይቀበልም።

ስለዚህ ያቺን ደብተር የያዙት እናት ከኋላዋ ገልብጠው ቢጽፉ ደስ ይለኛል፤ ማን ምን መድኃኒት እንዳስቆጣው፣ ማን ኩፍኝ እንደወጣለት፣ ማን ምን ቀዶ ሕክምና እንደተደረገለት፣ በእናትም በአባትም ወገን ማን በስንት ዓመቱ በምን እንደታመመ። ዕድሜው አስፈላጊ ነው። ለምሳሌ ወላጅ የትልቁ አንጀት ካንሰር ከታየበት፣ ልጁ ምርመራ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ወላጁ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ወይም በ40 ዓመቱ ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ በመጣው። «አባቴ ሆዱን ያመው ነበር» ብቻ ከሆነ ምኑን እንቆጥራለን?


የሦስቱ እናት፦

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ዋልኩ። የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ ግን የትልቁን የመካከለኛዋ ላይ፣ የመካከለኛዋን የትንሹ ላይ እየለጠፍኩ ተቸገርኩ። ኩፍኝ የወጣለት ማን ነው? ለሁለቱ በአንድ ሳምንት ነበር የወጣላቸው፤ ሦስተኛውን ደግሞ ገና አልወለድኩትም። ይህን ለማስታወስ ሻይ ሁለት ጊዜ ቀዘቀዘብኝ።

ከዚያ የጉልበቱ ጠባሳ ላይ ደረስኩ። ለልጄ ያን ጊዜ «ከብስክሌት ወድቀሽ ነው» ብያት ነበር። እንዲያው ላረጋግጥ ብዬ ለትልቁ ደወልኩ። እኔ ነኝ የደወልኩት ልብ በሉ! ዝም አለ። ከዚያ «እማዬ፣ ብስክሌቱን የገፋሁት እኔ ነበርኩ። እንዳትናገር ብዬ አንድ ወር ሙሉ አልጋዋን ሳነጥፍላት ከረምኩ» አለኝ። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያ ወር ትዝ ይለኛል፤ ለጎረቤት ሁሉ «ልጆቼ እንዴት ይዋደዳሉ» እያልኩ ሳወራ ነበር።


ሁለተኛዋ ልጅ፦

ደብተሩ ላይ የትኛው ነው የሚገባው፣ «ወድቃ» ነው «ተገፍታ»?


የሦስቱ እናት፦

ሁለቱንም ጻፍኩት።


ጡረተኛው፦

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት ስላኮረፍኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አኩርፌ ነበር። ያቺ «አለመደወልን ነው የተማረችው» ያለችኝ ልጅ እንቅልፍ ነሥታኝ ነው።

ትናንት ለልጄ ደወልኩ። ምን ብዬ ልጀምር? ደህና ነሽ ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ደህና ነኝ አለችኝ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም ተባባልን። አፌ ላይ የመጣው «ስልኬ ላይ ጽሑፉ አንሶብኛል፤ እንዴት ነው የሚተልቀው?» የሚል ነበር። አውቀዋለሁ እኮ! ራሴ ነኝ አምና ያተለቅሁት፤ ከዚህ በላይ ቢተልቅ በአንድ ገጽ አንድ ቃል ነው የሚታየኝ።

ትንሽ ቆየችና «አባዬ፣ ራስህ ሞክረው፤ ወደ አንዱ ካልሆነ ወደ ሌላው ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ግን አልዘጋችም። ማስተካከያው የት እንዳለ አንድ በአንድ ነገረችኝ፣ እኔም «እሺ… እሺ… ቆይ… እ፣ አገኘሁት» እያልኩ ያልነካሁትን ስነካ ቆየሁ። 40 ደቂቃ አወራን። ብሎኑን ስጠይቃት፣ የተጎራበተች ሴትዮ ናት የነገረቻት፤ ወደ ግራ ይፈታል፣ ወደ ቀኝ ይጠብቃል። የብስክሌት የግራ ፔዳል ግን ተቃራኒ ነው፤ ይህን ሴትዮዋ አታውቅም ነበር። እኔ ነገርኳት።


ባትሪ አልቋል፦

ጋሼ፣ ይህን ፔዳል የሚባለውን እኔም አላውቅም ነበር። ቁጥርዎን ይስጡኝ፤ አባቴ ማታ ማታ እንቅልፍ ያስፈልገዋል።


የሦስቱ እናት፦

ይህን እየጻፍኩ ትንሹ ደወለ። እንቁላሉን በልቶታል።


የሌሊት ፈረቃ፦

የትኛውን? የተንሳፈፈውን? መቼ? ሰብሮ አሽትቶታል?


የሦስቱ እናት፦

አሽትቶ ነው፣ አልሸተተም። ከበላ ሦስት ቀን አልፎታል፣ ደህና ነው። አሁን የደወለው ለሌላ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ እንቁላል ሲሰብር አስኳሉ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ። ነገ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚለብሰው ነው። «ሙቅ ውኃ ነው ቀዝቃዛ?» ይለኛል። እጄ እርጥብ ነው ብዬ ዘግቻለሁ። ቶሎ በሉ።


ዝምተኛ አንባቢ፦

ቀዝቃዛ! ሙቅ ከነካው ጨርቁ ላይ ይበስላል።


ሁለተኛዋ ልጅ፦

ቀዝቃዛ። ሲደውሉለት ግን ትንሽ ያዘግዩት፣ እሱም እየፈለገ ይሆናል።